«ልብን ያቀላል፣ ለዓይን ሕመም ይበጃል»፦ ስለ አንድ የቆየ የቡና ማስታወቂያ

ሥራዬ የማስታወቂያ ወረቀት መሥራት ነው። በራሪ ወረቀት፣ ባነር፣ ቢዝነስ ካርድ፣ የምግብ ቤት ሜኑ፣ የሰርግ መጥሪያ። ፒያሳ አካባቢ ባለች አንዲት ጠባብ ማተሚያ ቤት ውስጥ ኮምፒውተር ፊት ተቀምጬ እውላለሁ። ደንበኛ ይገባል፣ የሚፈልገውን በአፉ ይነግረኛል፣ እኔ በፊደል አደርገዋለሁ። አሥራ አንድ ዓመት ሆነኝ።

ባለፈው ክረምት አንድ ሰው የደረቀ የሺፈራው ቅጠል በፌስታል ይዞ መጣ። «በራሪ ወረቀት ሥራልኝ፣ አምስት መቶ» አለ። ምን ይጻፍ ስለው በጣቱ እየቆጠረ ነገረኝ። ስኳር ያድናል። ደም ግፊት ያወርዳል። ኩላሊት ያጥባል። ሪህ፣ ጨጓራ፣ ራስ ምታት። «እርግጠኛ ነህ?» አልኩት። «ሁሉም እንደዚህ ነው የሚያጽፈው፤ አንተ ዝም ብለህ ጻፍ» አለኝ። ጻፍኩ። አረንጓዴ ቅጠል አደረግኩበት። «ፍቱን» የሚለውን ቃል በቀይ አደመቅኩት። ያምር ነበር።

ከሁለት ሳምንት በኋላ አንዲት ወጣት ሴት ያንን ወረቀት አጥፋ ይዛ መጣች። ከግርጌው በትንሹ የማተሚያ ቤታችን አድራሻ አለበት። የሻጩ ስልክ አልነሣ ሲላት እኛን ፈልጋ መጣች። አባቷ የስኳር ሕመምተኛ ናቸው። ወረቀቱን ካነበቡ ጀምሮ ኪኒናቸውን አልውጥም ብለዋል። «እናንተ ናችሁ የጻፋችሁት? እውነት ያድናል እንዴ?» ብላ ጠየቀችኝ። «ኪኒናቸውን እንዳያቆሙ፣ ዛሬውኑ ሐኪማቸው ጋ ውሰጃቸው» ከማለት ሌላ የምላት አጣሁ። እሷ ከሄደች በኋላ ወረቀቱን ጠረጴዛዬ ላይ ዘርግቼ ብዙ ቆየሁ። የሰውዬው ድምፅ እዚያ ላይ የለም። ያለው የእኔ ፊደል ነው።

ከዚያ ቀን ወዲህ ማታ ማታ የድሮ ማስታወቂያዎችን መፈለግ ጀመርኩ። ሰው በወረቀት መነገድ ሲጀምር ምን ይል ነበር? ያኔም እንዲህ ነበር? ብዙ አየሁ። አንዱ ግን አልለቀኝ አለ። የቡና ማስታወቂያ ነው።

አንድ ገጽ ናት። ለንደን ውስጥ በ1652 ገደማ ታተመች። (ዓመታቱን ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) በዚያ ዘመን ጎንደር ላይ አፄ ፋሲል ነግሠዋል። ርዕሷ «የቡና መጠጥ በጎነት» እንደማለት ነው። ከሥሩ ደግሞ በእንግሊዝ አገር ለመጀመሪያ ጊዜ በአደባባይ አፍልቶ ሸጠ የተባለው ሰው ስም አለ፤ ፓስኳ ሮዜ።

ሮዜ ለንደን የመጣው ከሰምርኔስ ነው፣ ዛሬ ኢዝሚር ከምትባለው የቱርክ ከተማ። ዳንኤል ኤድዋርድስ የሚባል እንግሊዛዊ ነጋዴ አገልጋዩ አድርጎ ነው ያመጣው። ጠዋት ጠዋት ለጌታው ቡና ያፈላ ነበር። እንግዶች ያንን ቀመሱና ቤቱን አላስቀምጥ አሉ። በመጨረሻ ኮርንሂል በሚባለው የንግድ ሰፈር፣ ቅዱስ ሚካኤል ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ባለ ጠባብ መተላለፊያ ውስጥ መሸጫ ተከፈተለት ይባላል። በለንደን የመጀመሪያው ቡና ቤት እሱ ነው። የአካባቢው ጠላ ሻጮች (የእነሱን የገብስ መጠጥ ማለቴ ነው) ይህ የውጭ ሰው የከተማው ነጋዴ የመሆን መብት የለውም ብለው አቤቱታ አቀረቡበት። ስለዚህ መብቱ ያለው አንድ እንግሊዛዊ ሸሪክ ተጨመረለት፣ ቦውማን የሚባል የቀድሞ ባለ ጋሪ።

እስቲ አስቡት። ሰዎቹ ቡና የሚባል ነገር አያውቁም። ጥቁር ነው፣ መራራ ነው፣ ያቃጥላል። ሻጩ የባዕድ ሰው ነው፤ ቋንቋቸውን እንደ ልቡ አይናገርም። ከሃያ ዓመት በኋላ በ1672 የታተመ አንድ የፌዝ ግጥም በተሰባበረ እንግሊዝኛው ይሳለቅበታል። ወረቀቱ ላይ ግን ኮልታፋ አይደለም። ቀጥ ብሎ፣ ጥርት ብሎ ይናገራል። ሕትመት ለዚያ ሰው ምን እንዳደረገለት እዚህ ጋ ገባኝ። መንገድ ላይ አፉን ሲከፍት የሚስቁበት ሰው፣ በወረቀት ሲመጣ ቁጭ ብለው ያነቡታል።

ወረቀቱ የሚጀምረው በማስተማር ነው። ቡና በትንንሽ ዛፎች ላይ የሚበቅል ፍሬ ነው ይላል። በምድጃ ይደርቃል፣ ይፈጫል፣ ከምንጭ ውሃ ጋር ይፈላል። የሚጠጣው ግማሽ ፓይንት ያህል ነው፤ ከሩብ ሊትር ትንሽ በለጥ ይላል፣ በእኛ ሲኒ ሦስት አራት መሆኑ ነው። ከመጠጣት በፊት አንድ ሰዓት አትብሉ፣ ከጠጣችሁም በኋላ አንድ ሰዓት አትብሉ ይላል። (ቡና ቁርስ ሳታቀርብ ቡና የማታፈላ እናቴ ይህን ብትሰማ ምን ትል ይሆን እያልኩ አነበብኩት።) የቻላችሁትን ያህል ትኩስ አድርጋችሁ ጠጡት፣ የአፍ ቆዳ አይልጥም፣ አያቆስልም ብሎም ያጽናናል። ፈሪ ደንበኛ ፊቱ ቆሞ የታየው ሰው ነው ይህን የጻፈው።

ከዚያ ሰዓቱን ይነግራል። ጠዋት ጥሩ ነው፤ ከሰዓት በኋላም እንደነሱ አቆጣጠር 3 ወይም 4 ሰዓት ላይ ይጠጣ ይላል። በእኛ 9 ወይም 10 ሰዓት መሆኑ ነው። ይቺን ሳነብ ደነገጥኩ። እኛ ሰፈር ቡና የሚወቀጠው በዚያው ሰዓት ነው። 9 ሰዓት ላይ በየግቢው የሙቀጫ ድምፅ ይሰማል። ያ ሰው ከየት አመጣው? ከሰምርኔስ ነዋ። ቡናና ቀትር በኋላ ከየትም ይሁን ከየት አብረው ተጉዘዋል።

ሌላም አለ። ቡና ለታመመ ዓይን ጥሩ ነው ይላል፤ በተለይ ጭንቅላትን ከላዩ ላይ ደፍቶ እንፋሎቱን ከተቀበሉት። ቤታችን ቡና ሲቆላ እናቴ መቁያውን ከእሳት አውርዳ፣ ጭሱ እየጨሰ፣ በየሰዉ ፊት ታዞረው ነበር። እንግዳ በእጁ ጭሱን ወደ ፊቱ ይስባል፣ «እሰይ! እሰይ!» ይላል። አያቴ ዓይናቸውን ጨፍነው በረጅሙ ይስቡት ነበር። መድኃኒት ነው ያለ ሰው የለም። ደስ ይላል፣ በቃ። ያቺ የለንደን ወረቀት ላይ አንድ ሰው ጎንበስ ብሎ እንፋሎት ሲቀበል ታየኝ። አያቴ መሰሉኝ።

ከዚህ በኋላ ግን ወረቀቱ መልኩ ይለወጣል። ሆድ ይዘጋል፣ ምግብ ያፈጫል ይላል። መንፈስን ያነቃቃል፣ ልብን ያቀላል። እሺ፣ እስከዚህ አብረን ነን። ከዚያ ራስ ምታት ይመጣል። ሳል። የሳንባ ሕመም። የሰውነት ውሃ መቋጠር። ሪህ። ድድ የሚያደማው ስከርቪ። የአንገት ንፍፊት። ነፍሰ ጡር ሴት ጽንስ እንዳያስወርዳት ይጠብቃል። ቱርኮች ይህን ስለሚጠጡ ጠጠር የለባቸውም፣ ሪህ የለባቸውም፣ ቆዳቸውም ጥርት ያለ ነጭ ነው።

የሺፈራው ሰውዬ በጣቱ ሲቆጥር ያየሁት ያህል ነው የተሰማኝ። ሪህ እንኳ ሳይቀር አለበት።

መስመሩ የቱ ጋ እንደተሻገረ ለማግኘት ደጋግሜ አነበብኩት። መፍጨትና ማፍላትን የሚያስተምረው ሰውና ጽንስ አያስወርድም የሚለው ሰው አንድ ነው። ድምፁ አልተለወጠም። ያው ረጋ ያለ፣ ያው አሳቢ ድምፅ ነው። ለዚህ ነው የሚታመነው። እውነቱ ለውሸቱ መንገድ ጠርጎለታል።

ደግሞ በመሃል አንዲት የማልጠብቃት ዓረፍተ ነገር አለች። ቡና እንቅልፍ ያባርራል፣ ሌሊት ሥራ ላለበት ሰው ጥሩ ነው ካለ በኋላ፣ መንቃት ካልፈለጋችሁ ግን ከእራት በኋላ አትጠጡት፣ ለ3 ወይም ለ4 ሰዓት እንቅልፍ ይከለክላችኋል ይላል። የሚሸጠውን ዕቃ ጠንቅ በገዛ ወረቀቱ ላይ አሳተመ። በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ «ይህንንም ጻፍልኝ» ያለኝ ደንበኛ የለም። ብዙውን የበሽታ ዝርዝር ይቅር የምለው ለዚህች ዓረፍተ ነገር ስል ነው። በዘመኑ ሐኪሞችም ቢሆኑ ስለ ሰውነት የሚያስቡት እንደዚያ ነበር፤ ሙቀትና ቅዝቃዜ፣ እርጥበትና ድርቀት። ሮዜ የሰማውን አስተጋባ። ሳያምንበት ጻፈ ለማለት አልደፍርም።

አድራሻው መጨረሻ ላይ ነው። በቅዱስ ሚካኤል መተላለፊያ፣ ኮርንሂል፣ በፓስኳ ሮዜ፣ «በራሱ ራስ ምልክት»። የቤት ቁጥር ገና አልመጣም። ሱቁ በታፔላው ነው የሚታወቀው። እሱም የገዛ ፊቱን አሥሎ ሰቀለ። እኛም እኮ ያው ነን። «ከመድኃኒት ቤቱ ጎን፣ ሰማያዊ በር ያለው» ብለን ነው አድራሻ የምንሰጠው። ቦታው ላይ ዛሬ መጠጥ ቤት አለ። ግድግዳው ላይ በለንደን የመጀመሪያው ቡና ቤት እዚህ ነበር የሚል ጽሑፍ ተለጥፏል።

ከሮዜ በፊትስ? ይህን ስፈልግ ነው ደስ ያለኝን ነገር ያገኘሁት። የመጀመሪያዎቹ የታተሙ ማስታወቂያዎች መድኃኒት አይሸጡም ነበር። በአውሮፓ ሕትመት ሲጀመር ማስታወቂያ ያሳተሙት አታሚዎቹ ራሳቸው ናቸው። መጽሐፍ አትመው ገዢ ይፈልጋሉ። ማሽኑ እጃቸው ላይ ነው። ምን ይጠብቃሉ?

ጀርመናዊው ፔተር ሾፈር በ1470 ገደማ የመጽሐፎቹን ዝርዝር በአንድ ወረቀት አተመ። መግዛት የሚፈልግ ከታች ወደተጻፈው ቦታ ይምጣ ይላል። ከታች ግን ቦታው ባዶ ነው። ሻጩ ከከተማ ከተማ ስለሚዞር ባረፈበት የእንግዳ ማረፊያ ስም በእጁ ይሞላበታል። እስከ ዛሬ በቆየ አንድ ወረቀት ላይ መጽሐፍ ሻጩ «የዱር ሰው» በተባለው ማረፊያ ይገኛል የሚል የእጅ ጽሑፍ አለ። እኛም «ቦታና ሰዓት» ብለን ነጥብ ነጥብ እንተዋለን፣ አዘጋጁ በእስክሪብቶ ይሞላዋል። አምስት መቶ ሃምሳ ዓመት ሆኖታል ይህ ዘዴ። ስንት ጊዜ እንደሠራሁት አላውቅም፣ ግን ከማን እንደወረስኩት አላውቅም ነበር።

የእንግሊዙ ዊልያም ካክስተን ደግሞ በ1477 ገደማ አንዲት ትንሽዬ ወረቀት አተመ። በግምት 8 በ15 ሴንቲሜትር ናት፣ መዳፍ ውስጥ ትገባለች። የሚሸጠው በየዕለቱ የትኛው ጸሎት እንደሚደረስ ለካህናት የሚነግር መጽሐፍ ነው፣ የእኛ ግጻዌ እንደማለት። ካህንም ሁን ሕዝባዊ፣ ይህን መጽሐፍ መግዛት ከፈለግህ ወደ ዌስትሚኒስተር፣ ምጽዋት ወደሚሰጥበት ግቢ፣ ቀይ መስመር ያለበት ምልክት ወዳለው ቤት ና፣ በርካሽ ታገኘዋለህ ይላል። ስለ መጽሐፉ የሚለው ሁለት ነገር ብቻ ነው። አንደኛ፣ በደንብ የታረመ ነው። ሁለተኛ፣ የታተመው በዚህች ወረቀት ፊደል ነው።

ሁለተኛው ላይ ቆሜ ቀረሁ። ወረቀቷ ራሷ ናሙና ናት! የመጽሐፉን ፊደል ማየት የሚፈልግ የያዛትን ወረቀት ይይ። ውሸት የሚገባበት ቀዳዳ የለም። ካየኸው ነገር የተለየ አልሸጥልህም ነው የሚለው። ሾፈርም ዝርዝሩ መጨረሻ ላይ እንዲሁ አድርጓል፤ በመዝሙረ ዳዊቱ ትልልቅ ፊደል አንድ መስመር አትሞ «የመዝሙሩ ፊደል ይህ ነው» ብሏል። ሁለቱም ሰዎች የእጃቸውን ሥራ ነው ያሳዩት።

የካክስተን ወረቀት መጨረሻ ላይ አንድ የላቲን መስመር አለ። እባክህን፣ ይህ ወረቀት ባለበት ይቆይ፣ ይላል። አትንቀሉብኝ ነው ነገሩ። ሁለት ቅጂ ብቻ ነው የቀረው፣ አንዱ ኦክስፎርድ፣ አንዱ ማንችስተር።

ለነገሩ ከሁሉም የሚቀድም አለ። ቻይና ውስጥ፣ ጂናን በምትባል ከተማ፣ የሊዩ ቤተሰብ የመርፌ መሸጫ ነበረው። የማስታወቂያው የነሐስ ፕሌት (ማተሚያ ሰሌዳው) እስከ ዛሬ ቤጂንግ ሙዚየም አለ፣ ከሶንግ ሥርወ መንግሥት ዘመን፣ ከ960 እስከ 1279 ባለው ጊዜ። መሃሉ ላይ ነጭ ጥንቸል አለች። ጥሩ የብረት ዘንግ ገዝተን ጥሩ መርፌ እንሠራለን፣ ደጃችን ላይ ያለችውን ነጭ ጥንቸል ምልክት አድርጉ ይላል። ፕሌት እጄ ላይ ብዙ ጊዜ ይዣለሁ፤ ዛሬ የምንጠቀመው ስስ አሉሚኒየም ነው። ያንን የነሐስ ፕሌት ሥዕሉን ሳየው ግን የሥራ ባልደረባ ያገኘሁ ያህል ተሰማኝ።

በአማርኛ «ማስታወቂያ» የሚለው ቃል እኮ ውብ ቃል ነው። ማሳወቂያ ማለት ነው። የቀበሌ ስብሰባም፣ የጠፋ መታወቂያም፣ የሚከራይ ቤትም፣ የሳሙና ሽያጭም በእሱ ይጠራል። «የሰማህ ላልሰማ አሰማ» ከሚለው ከአዋጅ ነጋሪው ዘመን የመጣ መንፈስ አለው። መርፌ ሠሪውም፣ ካክስተንም እንደዚያ ነው ያደረጉት። አሳወቁ። እዚህ ነኝ፣ ይህ አለኝ፣ ና እይ።

ሮዜ ጋ ሲደርስ ግን ሌላ ነገር ገባበት፣ ከዚያም ተባዛ። በ1657 ማርቻሞንት ኒደም የሚባል ጋዜጠኛ ለንደን ውስጥ ከማስታወቂያ በቀር ምንም የሌለው ሳምንታዊ ጋዜጣ አወጣ። በዚያ ጋዜጣ ላይ በዚያው ዓመት ግንቦት አንድ የቡና ማስታወቂያ አለ፣ ሌላ መንገድ ላይ ካለ መሸጫ። ምን ይላል መሰላችሁ? ሆድ ይዘጋል፣ መንፈስ ያነቃቃል፣ ልብ ያቀላል፣ ለዓይን፣ ለሳል፣ ለራስ ምታት፣ ለሪህ፣ ለስከርቪ። ከሮዜ ወረቀት ቃል በቃል ሊባል በሚችል መልኩ ገልብጧል። ጠዋትና ከሰዓት በኋላ 3 ሰዓት የሚለውን ሳይቀር። ከቀሩት መካከል ግን ያቺ እንቅልፍ ይከለክላል የምትለዋ ማስጠንቀቂያ አለች።

ይህንን ሳይ ወንበሬ ላይ ተለጥጬ ተቀመጥኩ። «ሁሉም እንደዚህ ነው የሚያጽፈው» ያለው ሰውዬ ትዝ አለኝ። ልክ ነበር። ሁሉም እንደዚህ ነው የሚያጽፈው፣ ከ1657 ጀምሮ። አንዱ ከአንዱ ይገለብጣል። ሲገለበጥ ደግሞ መጀመሪያ የምትጣለው እውነተኛዋ ዓረፍተ ነገር ናት። በሚቀጥለው ዓመት፣ በ1658፣ ሻይ መጣ። ማስታወቂያው ሐኪሞች ሁሉ ያጸደቁት የቻይና መጠጥ ይለዋል። ሐኪሞች ሁሉ!

መንግሥትም ነገሩ ገንዘብ እንዳለው አወቀ። በ1712 እንግሊዝ በእያንዳንዱ የጋዜጣ ማስታወቂያ ላይ አንድ ሽልንግ ቀረጥ ጣለች። ቀረጡ ከፍ ዝቅ እያለ እስከ 1853 ቆየ።

ውሸት ብቻ ቢሆን ችግሩ ቀላል ነበር፤ እውነቱን ጻፍ፣ አበቃ። ግን የዚያኑ ዘመን ጋዜጦች ሳገላብጥ ሌላ ዓይነት ማስታወቂያ አገኘሁ። በ1600ዎቹ መጨረሻ፣ ለንደን ጋዜት ላይ። የጠፋ ጥቁር ልጅ። ዕድሜው ይህን ያህል፣ ቁመቱ ይህን ያህል፣ የለበሰው ኮት ቀለም እንዲህ። አንዳንዱ አንገቱ ላይ የብር ወይም የናስ ቀለበት አለው፣ የጌታው ስም ተቀርጾበታል። ያገኘው ሰው ወደ እገሌ ቡና ቤት ያምጣው፣ አንድ ጊኒ (የወርቅ ገንዘብ) ይሸለማል።

ቡና ቤት። ያው ቡና ቤት። ልብ ያቀላል የተባለበት።

እነዚህ ማስታወቂያዎች አይዋሹም። ጌታው ንብረቱን ማግኘት ስለሚፈልግ የሚያውቀውን ሁሉ በትክክል ይጽፋል። ጠባሳው የት እንዳለ፣ እንግሊዝኛ ይናገር አይናገር። ከዚያ ዘመን ማስታወቂያ ሁሉ በዝርዝር የሚበልጣቸው የለም። ልጆቹ ግን ከባርነት ያመለጡ ሰዎች ናቸው፤ ማስታወቂያው እያደናቸው ነው። ብዙዎቹ በዓለም ላይ ስለመኖራቸው የቀረው መረጃ ያ ጥቂት መስመር ብቻ ነው። ያንን አንድ ሰው ፊደል በፊደል ለቅሞ ደርድሮታል፣ እንደ እኔ ያለ ሰው። እጁ ምን ተሰማው? የአንገት ቀለበት የሚለውን ቃል ሲደረድር ቀና ብሎ ያውቃል? በዚያ ሌሊት ሌላ ማንበብ አልቻልኩም። ኮምፒውተሩን ዘጋሁና ተኛሁ።

ወደ ሮዜ ወረቀት ልመለስና አንድ ነገር ልናገር፤ እስካሁን ያቆየሁት ስለሚከነክነኝ ነው። የመጀመሪያዋ ዓረፍተ ነገር ቡና የሚበቅለው «በዓረብ በረሃዎች ብቻ» ነው ትላለች።

ብቻ።

ሮዜን አልወቅሰውም። በዚያ ዘመን ወደ ሰምርኔስና ወደ ለንደን የሚደርሰው ቡና ከየመን የወጣ ነው። ከዚያ ወዲያ ያለውን አላየም። ቡና በዱር የሚበቅልበት የከፋ ጫካ ግን በዚያን ቀንም ነበር። የከፋ መንግሥት ራሱን የቻለ መንግሥት ነበር። ሰው ለቅሞ፣ ቆልቶ፣ ወቅጦ፣ በቅቤ ለውሶ ይበላ፣ ይጠጣ ነበር ይባላል። ወረቀት አላሳተመም እንጂ። በደገኛው ክርስቲያን ዘንድ ደግሞ ቡና የእስላም መጠጥ ነው ተብሎ እስከ አሥራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን ድረስ ይነቀፍ ነበር፤ ይህንንም መደበቅ የለብንም።

ከሮዜ መቶ ዓመት በኋላ፣ በ1753፣ ስዊድናዊው ሊኔየስ ለዕፅዋት ሁሉ ስም ሲያወጣ ቡናን «አራቢካ» አለው። ዛሬ ጅማ ያለው ገበሬ ጓሮ የበቀለውም ቡና በሳይንስ ስሙ የዓረብ ነው። በ2005 ኢትዮጵያ ይርጋጨፌ፣ ሐረርና ሲዳሞ የሚሉትን ስሞች በአሜሪካ የንግድ ምልክት አድርጋ ለማስመዝገብ ስታመለክት ብዙ ክርክር ተነሣ። ከአንድ ትልቅ የቡና ኩባንያ ጋር ስምምነት የተደረሰው በ2007 ነው። ዜናውን ስሰማ ልጅ ነበርኩ፤ ለአንድ የቦታ ስም ይህን ያህል ክርክር ለምን እንደሚያስፈልግ አልገባኝም ነበር። ያቺን ወረቀት ካነበብኩ በኋላ ግን ገባኝ። ቀድሞ ያሳተመ ቀድሞ ይሰማል።

በዚህ ስሜት ውስጥ እያለሁ ነው ጎረቤቴ የጠሩኝ። ከሰፈራችን መታጠፊያ ላይ ጀበና ቡና የሚሸጡ እናት ናቸው። መንገዱ ሲሰፋ ከነበሩበት ተነሥተው ከድልድዩ ማዶ፣ ጎሚስታው አጠገብ ሄደዋል። «ልጄ፣ ሰዉ የት እንደገባሁ አላወቀም። አንድ ወረቀት ብትጽፍልኝ» አሉኝ። «በደስታ፣ እትዬ፣ ሂሳብም የለውም» አልኳቸው።

ሁለት ሌሊት ሠራሁት። እንደ ካክስተን ትንሽ አደረግኩት። የበሽታ ስም የሚባል አላስገባሁም። ጀበና አልሣልኩም፤ ሁሉም ጀበና ይሥላል። የእሳቸውን ሲኒ ፎቶ አንሥቼ አስገባሁ፣ ጠርዟ ላይ የተሸረፈች ቀይ አበባ ያላት። የሚያየው ሰው የሚጠጣበትን ሲኒ ይይ ብዬ። ከላይ ደግሞ በትልቁ፣ ከልቤ ኮርቼ፣ «ከቡና መገኛ፣ ከከፋ ጫካ የመጣ ቡና» ብዬ ጻፍኩ። ለዚያ «ብቻ» መልስ መስጠቴ ነበር።

ወስጄ አነበብኩላቸው። ረከቦቱን እያስተካከሉ ሰሙኝ። «ይሄ ከከፋ ያልከውን ከየት አመጣኸው?» አሉ።

«ቡና የተገኘው ከዚያ አይደል፣ እትዬ?»

«እሱስ ይሁን። እኔ የምቆላው ግን ከመርካቶ ነው የምገዛው። ነጋዴው አንዴ ጅማ ይለኛል፣ አንዴ ወለጋ ይለኛል። እኔ አላየሁት። ያላየሁትን አታጽፈኝ፣ ልጄ።»

አንድ ሲኒ ቀዱልኝ። ቡናው ግሩም ነበር፤ ወፍራም፣ ጤናዳም ያለበት። ሱቅ ተመልሼ መስመሩን አጠፋሁት። የቀረው ይህ ነው፦ «ጀበና ቡና። ከጠዋቱ 1 ሰዓት እስከ ምሽቱ 12 ሰዓት። ከድልድዩ ማዶ፣ ከጎሚስታው አጠገብ። ጠዋት ጠዋት ዳቦ አለ።» ዳቦውን የጨመሩት እሳቸው ናቸው።

ሃምሳ አተምኩ። ሁለቱን ጎሚስታው ግድግዳ ላይ በፕላስተር ለጠፍን። ጎማ የሚነፋውን ልጅ «አደራ፣ እንዳይነቀል» አልኩት።